በረዶ የወሰደውን ሞተር ስለመመለሱ፣ ስለ ኖንግ ክሪስፑሎም ጥይቶች

የሳን ኢሲድሮ ካባ ዒላማ ተኳሾች ክበብ
የሥራ አስፈጻሚ ኮሚቴ አስቸኳይ ስብሰባ

ቀን፦ ሐሙስ፣ ማርች 9 ቀን 2017
ቦታ፦ ዳናኦ፣ አሮጌው የድንጋይ ካባ ውስጥ ባለው የተኩስ ሜዳ፣ ከቆርቆሮ ቤቱ
የተጠራበት ሰዓት፦ ከቀኑ 8፡00
የተጀመረበት ሰዓት፦ ከቀኑ 9፡12። ለመዘግየቱ ምክንያት የሆነው ሊቀ መንበሩ በሰዓቱ ደርሰው ማንንም በማጣታቸው ተቆጥተው ወደ ቤታቸው መመለሳቸው፣ ሌሎቹ ሲደርሱም ሊቀ መንበሩን የሚጠራ ሰው መላኩ፣ የተላከውም ሰው እዚያው ምሳ ቀርቦለት መቅረቱ ነው።

የተገኙ፦

1. አቶ ሩፊኖ ላዋስ፣ ሊቀ መንበር
2. ዶ/ር ሴልሶ ኢባኜስ፣ የጥርስ ሐኪም፣ የቴክኒክ ኃላፊና የጥይት ፍጥነት መለኪያው ባለቤት
3. ወ/ሮ ዶራይ ሱሚላንግ፣ ዓሣ ነጋዴ፣ የንብረት ክፍል ኃላፊ
4. አቶ ቲክዮ ካኔቴ፣ የባለ ሦስት እግር ታክሲ ሹፌር፣ የተኩስ ሜዳው ተቆጣጣሪ (ምሳ የበሉት እሳቸው ናቸው)
5. ኖንግ ክሪስፑሎ ማንሉፒግ (“ኖንግ” ታላቅን በአክብሮት የምንጠራበት ነው)፣ የ74 ዓመት ጡረተኛ ጠመንጃ ሠሪ፣ ላለፉት ሠላሳ አንድ ዓመታት የክበቡን ጥይት አንድ በአንድ በእጃቸው የሚሞሉ
6. ኔልያ ካባሁግ፣ መምህርት፣ ፀሐፊ። ይህን የምጽፈው እኔ ነኝ።

ያልተገኙ፦ አቶ ፕሮኮፒዮ፣ በፈቃድ። ዱባይ ሥራ ስላገኙ ፈቃዳቸው አምስተኛ ዓመቱን ይዟል።

ከሰባት አባላት ስድስቱ በመገኘታቸው ምልዓተ ጉባኤው መሟላቱ ተረጋግጦ ጸሎት ተደርጓል። ጸሎቱን የመሩት ወ/ሮ ዶራይ ሲሆኑ፣ እሑድ ከሚገጥመን ከጎረቤት ከተማው ክበብ ተኳሾች መካከል የአንዱን ስም ጠርተው እጁ እንዲንቀጠቀጥ ለምነዋል። ሊቀ መንበሩ ይህ ከጸሎቱ እንዲወጣ አዘዋል። ወ/ሮ ዶራይ አንዴ ወጥቷል ብለዋል።

አጀንዳ 1፦ ያለፈውን ቃለ ጉባኤ ማጽደቅ

ያለፈው ቃለ ጉባኤ ሊነበብ አልቻለም። ለንብረት ክፍል በአደራ ተሰጥቶ የነበረ ሲሆን ኃላፊዋ የደረቀ ዓሣ እንደጠቀለሉበት አልካዱም። ለማን እንደሸጡት ግን አያስታውሱም። ከረጅም ውይይት በኋላ ያልተነበበው ቃለ ጉባኤ ሳይሻሻል እንዳለ ጸድቋል።

አጀንዳ 2፦ ስለ ማክሰኞው ልኬት

ዶ/ር ሴልሶ መርከበኛ ወንድማቸው ከሲንጋፖር የላከላቸውን መለኪያ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠው አስረድተዋል። መለኪያው የክንድ ያህል ርዝመት ያለው ሳጥን ነው፤ በላዩ ሁለት ዓይን አለው። ጥይቱ በመጀመሪያው ዓይን ላይ ሲያልፍ መቁጠር ይጀምራል፣ በሁለተኛው ላይ ሲያልፍ ያቆማል፣ ፍጥነቱንም ይናገራል። ፍጥነቱ ከጥይቱ ክብደት ጋር ተሰልቶ 160 ከሞላ ተኳሹ በከባድ ምድብ ይወዳደራል። ካልሞላ በሕዝብ ፊት ወደ ቀላል ምድብ ይወርዳል። የእሑዱ ዳኞች እንዲህ ያለ መለኪያ ይዘው ስለሚመጡ እኛም ማክሰኞ ቀድመን ራሳችንን ለካን። ጠዋት ከአምስት ተኳሾች ስምንት ስምንት ጥይት ተሰብስቦ፣ ተቆልፎበት፣ ከቀትር በኋላ ተተኮሰ። አማካዩ 152 ሆነ። ሁላችንም የምንተኩሰው የኖንግ ክሪስፑሎን ጥይት ነው።

ሊቀ መንበሩ ከዚህ በፊት የነበረን መለኪያ እንዲህ ያለ ጣጣ እንዳላመጣ አስታውሰዋል። ዶ/ር ሴልሶ ያኛው ጣጣ ያላመጣው በመጀመሪያው ቀን ሊቀ መንበሩ መሀል ለመሀል ስለመቱት ነው ሲሉ መልሰዋል። ሊቀ መንበሩ “መቱት” ተብሎ እንዳይጻፍ፣ “ጉዳት ደረሰበት” ተብሎ እንዲጻፍ ጠይቀዋል። ጉዳት ደረሰበት።

አቶ ቲክዮ ሐሳባቸው በራሳቸው ቃል እንዲመዘገብ ስለጠየቁ እንደሚከተለው ተመዝግቧል፦ “እኔ ሃያ ሁለት ዓመት ነድቻለሁ። መንገድ ላይ ትራፊክ ፖሊስ ቆሞ ሳይ እግሬ ራሱ ፍሬን ይይዛል። ጥይቱስ ቢሆን? ፊቱ መለኪያ ተገትሮ እያየ ለምን ይፈጥናል? መለኪያውን ደብቁትና ለኩ፣ ያኔ ጉዱን ታያላችሁ።” ዶ/ር ሴልሶ ጥይት ዓይን የለውም ብለዋል። አቶ ቲክዮ ዓይን ከሌለው ዒላማውን እንዴት ያገኘዋል ሲሉ ጠይቀዋል። ዶ/ር ሴልሶ የአቶ ቲክዮ ጥይት አግኝቶት አያውቅም ብለዋል። ሥርዓት እንዲከበር ተጠይቋል።

ወ/ሮ ዶራይ ችግሩ መለኪያው አለመባረኩ ነው ብለው፣ ማንም ሳይከለክላቸው ከቦርሳቸው ጠርሙስ አውጥተው ሁለቱም ዓይኖቹ ላይ ጠበል ረጭተዋል። ከዚህ በኋላ መለኪያው ለሃያ ደቂቃ “ስህተት” ከማለት በቀር ሌላ አልተናገረም። ዶ/ር ሴልሶ በመሐረባቸው እያደረቁት ያሉት ነገር በቃለ ጉባኤ አይያዝም።

ሲደርቅም ዶ/ር ሴልሶ ፍጥነቱ ፓኮው ላይ የታተመበትን የፋብሪካ ጥይት ወጥተው ተኩሰዋል። መለኪያው ፓኮው ላይ ያለውን ያንኑ ቁጥር ተናግሯል። ስለዚህ መለኪያው አልዋሸም። ከረጅም ውይይት በኋላ መለኪያው ከጥርጣሬ ነጻ መሆኑ፣ መባረኩ ግን እንደማይጎዳው ተወስኗል።

አጀንዳ 3፦ ጥይት ስለሚሞሉት አባል

ይህን አጀንዳ ማንም መክፈት አልፈለገም። ይሉኝታ ያልያዘው አልነበረም። ኖንግ ክሪስፑሎ ወንበራቸው ላይ ተቀምጠው በስኳር የተጠበሰ ሙዛቸውን እየበሉ ነበር። በመጨረሻ ሊቀ መንበሩ ፊታቸውን ወደ ምሰሶው አዙረው ለምሰሶው ተናግረዋል። ስማቸው የማይጠቀስ አንድ የተከበሩ አባል ለረጅም ዘመን መድከማቸውን፣ ማረፍ ለማንም እንደሚገባ፣ የክበቡም ስም እሑድ በሰው ፊት እንዳይወድቅ መታሰብ እንዳለበት ገልጸዋል። ምሰሶው አልተቃወመም።

ከረጅም ውይይት በኋላ ስማቸው የማይጠቀሰው አባል “የዕድሜ ልክ የክብር የጥይት አማካሪ” እንዲሆኑ፣ የምስክር ወረቀት እንዲሰጣቸው፣ ባሩድ እንዳይነኩ ተወስኗል። ውሳኔው በሌላ ጊዜ፣ በለዘበ አነጋገር፣ በሽማግሌ እንዲነገራቸው ስለታሰበ ሊቀ መንበሩ ኖንግ ክሪስፑሎን ለጊዜው ጆሮ ዳባ ልበስ እንዲሉ ለምነዋቸዋል።

ኖንግ ክሪስፑሎም፦ “ከማክሰኞ ጀምሮ ለብሼዋለሁ፣ ልጄ። ሞቀኝ እንጂ” ብለዋል።

ዶ/ር ሴልሶ በዚህ ጊዜ የሥርዓት ጥያቄ አንስተዋል። በመተዳደሪያ ደንባችን አንቀጽ 14 መሠረት በአንድ ሰው ጉዳይ ላይ ድምፅ ሲሰጥ የዚያ ሰው አበልጅ የሆነ አባል ከስብሰባው መውጣት አለበት። ሊቀ መንበሩ ሦስት ልጆቻቸውን ክርስትና ያነሱላቸው ኖንግ ክሪስፑሎ ስለሆኑ ወጡ። ወ/ሮ ዶራይ ሁለት። አቶ ቲክዮ አንድ፣ ሁለተኛው በመንገድ ላይ። ጥያቄውን ያነሱት ዶ/ር ሴልሶም የበኩር ልጃቸው ስሙ ክሪስፑሎ እንደሆነ ተነግሯቸው ወጡ። እኔም የክርስትና ልጃቸው ስለሆንኩ ደብተሬን ይዤ ወጥቼ ይህን የጻፍኩት በመስኮት እያየሁ ነው።

ውስጥ የቀሩት ኖንግ ክሪስፑሎ ብቻ ናቸው። ግራ ቀኝ አዩ፣ ሙዛቸውን ጨረሱ፣ ጣታቸውን ጠረጉ፣ ከዚያም፦ “ኮሚቴው ተስማምቷል! ግቡ፣ ሙዛችሁ እየቀዘቀዘ ነው!” ብለው ተጣሩ። ይህ የዕለቱ የመጀመሪያው በሙሉ ድምፅ ያለ ክርክር የተላለፈ ውሳኔ ነው።

ስንገባ ኖንግ ክሪስፑሎ ከማክሰኞው ልኬት የተረፈ አንድ ጥይት እንዲሰጣቸው ጠየቁ። ተቀብለው በጣቶቻቸው አንከባለሉት፣ ወደ አፍንጫቸውም አስጠጉት።

“ዓሣ ዓሣ ይላል” አሉ።

ሁሉም ወደ ወ/ሮ ዶራይ ዞረ። ወ/ሮ ዶራይ በመጀመሪያ ምንም እንዳልሰሙ ሆነው ነበር፣ ኋላ ግን እንዲህ ብለዋል፦ “ምን ታፈጡብኛላችሁ? ቁልፍ ያለው ሳጥን ውስጥ ይቀመጥ አላችሁኝ። ቁልፍ ያለው ሳጥኔ የበረዶው ነው። ከቱና ዓሣው ሥር አስቀመጥኩት፣ ቆለፍኩት፣ ማንም አልነካውም። ሌባ ቢመጣ ኖሮ እጁ ይደርቅ ነበር።” ጥይቶቹ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት እስከ ዘጠኝ በረዶ ውስጥ እንደነበሩ ተረጋግጧል። ዶ/ር ሴልሶ ባሩድ ሲቀዘቅዝ እንደሚሰንፍ፣ ይህንንም ሕፃን እንደሚያውቀው ተናግረዋል። አቶ ቲክዮ ታዲያ ማክሰኞ ሕፃን እንጠራ ነበር ብለዋል።

ወዲያው በረዶ ያልነካው ጥይት እንዲተኮስ ተወሰነ። አቶ ቲክዮ ከታክሲያቸው አንድ ፓኮ አመጡ። ያው የኖንግ ክሪስፑሎ ሥራ፣ ያው የዚያ ሳምንት ባሩድ። ሊቀ መንበሩ ይህኛውም መለኪያ ጉዳት እንዳይደርስበት በሚል እንዳይተኩሱ ተከልክለው ወ/ሮ ዶራይ ተኮሱ። ውጤቱ 161።

በዚህ ጊዜ ስብሰባው ለጊዜው ስብሰባ መሆኑን አቁሟል። ሊቀ መንበሩ ምሰሶውን አቅፈዋል። ሥርዓት ሲመለስ የሚከተሉት ተወስነዋል፦ የኖንግ ክሪስፑሎ ጥይቶች ነጻ ናቸው፤ ጥፋተኛው በረዶ ነው፤ የክብር አማካሪነቱ ይቅር፤ ለንብረት ክፍል ኃላፊ የጽሑፍ ተግሣጽ ይሰጥ። ወ/ሮ ዶራይ ተግሣጹ በደህና ወረቀት ላይ ከተጻፈ ዓሣ እንደሚጠቀልሉበት አሳውቀዋል።

ኖንግ ክሪስፑሎ ግን አልሳቁም። ከአቶ ቲክዮ ፓኮ አንድ ጥይት አንስተው ወዲያው ጠረጴዛው ላይ ጣሉት።

“ይሄ ያቃጥላል እኮ። የት ነበር?”

“መቀመጫዬ ሥር ነዋ፣ ኖንግ።”

“ከመቀመጫህ ሥር ምንድን ነው ያለው?”

አቶ ቲክዮ ዞረው ታክሲያቸውን አዩ። ከመቀመጫቸው ሥር ያለው ሞተሩ ነው። ታክሲው ደግሞ ከማለዳ ጀምሮ ፀሐይ ላይ ነበር። ኖንግ ክሪስፑሎ አምስት ጥይት ቆጥረው የሸሚዛቸው ኪስ ውስጥ ከተቱ። “በሰው ሙቀት ይቆይ” አሉና ጥላ ውስጥ ተቀመጡ። ጥይቱ እስኪበርድ ድረስ ኮሚቴው ወደ ቀጣዩ አጀንዳ አልፏል።

አጀንዳ 4፦ ስለ እሑዱ ምሳ

አንድ ሙሉ የአሳማ ጥብስ እንዲቀርብ ወይስ ግማሽ የሚለው ለሠላሳ አምስት ደቂቃ አከራክሯል። ዶ/ር ሴልሶ ግማሽ ይበቃል ብለዋል። ወ/ሮ ዶራይ ግማሽ አሳማ የሚያቀርብ ክበብ ቢያሸንፍም ተሸንፏል ብለዋል። ሩዙ በዘንባባ ቅጠል ተቋጥሮ እንዲቀቀል ማንም አልተቃወመም። ከረጅም ውይይት በኋላ ሙሉ አሳማ እንዲሆን፣ ጭንቅላቱ ለዳኞች እንዲሰጥ፣ ይህም ጉቦ እንዳይመስል ከጆሮው አንዱ እንዲቀነስ ተወስኗል።

ወደ አጀንዳ 3 መመለስ

ከቀኑ 11፡00 ገደማ ኖንግ ክሪስፑሎ ከኪሳቸው አምስቱን ጥይት አውጥተው ራሳቸው ተኮሱ። ዶ/ር ሴልሶ ቁጥሩን ወዲያው አላነበቡም። ሁለተኛ ሲጠየቁ አነበቡ። 156።

ሊቀ መንበሩ የሽማግሌ ኪስ ከሌላው ሰው ኪስ ሊቀዘቅዝ እንደሚችል ገልጸዋል። አቶ ቲክዮ ሸሚዙ ስስ መሆኑን አክለዋል። ዶ/ር ሴልሶ፣ ሰዓቱን ሁሉ ስለ ሳይንስ ሲናገሩ የዋሉት ዶ/ር ሴልሶ፣ ጉሮሯቸውን ጠርገው አገራችን ሞቃት አገር መሆኗን፣ ስለዚህ ሙቅ ጥይት ለእኛ የተፈጥሮ መሆኑን አስረድተዋል። ከረጅም ውይይት በኋላ የክበቡ መደበኛ የጥይት ሙቀት በአቶ ቲክዮ መቀመጫ ሥር ያለው ሙቀት እንዲሆን፣ እሑድም ተኳሾች ሁሉ ጥይታቸውን እዚያ አስቀምጠው እንዲሄዱ በአምስት ድምፅ ተወስኗል። እኔም እጄን አውጥቻለሁ፤ አልክድም።

ኖንግ ክሪስፑሎ የመናገር ዕድል ጠይቀዋል። ንግግራቸው እንዳለ ይመዝገብ ያሉት እሳቸው አይደሉም፣ እኔ ነኝ።

“ልጆች፣ ተዉ። በረዶው የራሱን ወስዷል፣ ሞተሩም የራሱን ሰጥቷል። መካከል ላይ ያለው ቁጥር የእኔ ነው። ካለፈው ገና ወዲህ ባሩድ የምመዝንበት ሚዛን መስመር ሁለት ሆኖ ነው የሚታየኝ። የትኛው እውነተኛው እንደሆነ አላውቅም። ስለዚህ የታችኛውን እይዛለሁ። የላይኛውን ይዤ ብሳሳት ጠመንጃው እጃችሁ ላይ ይፈነዳል። የታችኛውን ይዤ ብሳሳት ዋንጫ ታጣላችሁ። ዋንጫ ብታጡ ይሻለኛል ብዬ ነው።”

ሊቀ መንበሩ፦ “ታዲያ ለምን አልነገሩንም፣ ኖንግ?”

“ብነግራችሁ የክብር አማካሪ ታደርጉኝ ነበራ!”

ሳቅ ተመዝግቧል። አጭር ነበር። አቶ ቲክዮ ጣቶቻቸውን አንድ በአንድ ሲያዩ ነበር፤ አሥሩም አሉ። እኔ የሚቀጥለውን መስመር ሁለት ጊዜ ጽፌ ሁለት ጊዜ ሰርዣለሁ። ዶ/ር ሴልሶ ጥርስ ቢሆን ኖሮ እዚሁ እነቅልዎ ነበር ብለዋል፤ ዓይን ስለሆነ ግን ሌላ ሐኪም ዘንድ ራሳቸው ሊወስዷቸው ቃል ገብተዋል። ወ/ሮ ዶራይ፦ “አሥራ አምስት ዓመት ሙሉ ዓሣ ስመዝን ያዩኛል፤ አንቺ ነይ መስመሩን እዪልኝ ማለት አቃትዎት?” ብለው ተቆጥተዋል። ኖንግ ክሪስፑሎ የወ/ሮ ዶራይን ሚዛን መላው ገበያ እንደሚያውቀው በትሕትና አስታውሰዋል።

ቀጥለውም መደበኛ ሐሳብ አቅርበዋል፦ ዛሬ የተወሰነው ሁሉ ይሻር፣ የመጀመሪያው የክብር አማካሪነት ውሳኔ ብቻ ይጽና። “እውነቱን እናንተ አፍራችሁ ለምሰሶው ነገራችሁት። እኔ ለእናንተ እየነገርኳችሁ ነው። ይብቃኝ” ብለዋል።

ሊቀ መንበሩ ተነሥተው ባለጉዳዩ ራሱ በጉዳዩ ላይ ድምፅ እንደማይሰጥ ገልጸው ኖንግ ክሪስፑሎን ወደ ውጭ እንዲወጡ አዘዋል። በሠላሳ አንድ ዓመት ውስጥ ኖንግ ክሪስፑሎን አንድ ነገር ሲያዙ ይህ የመጀመሪያቸው ነው። ኖንግ ክሪስፑሎ ወጥተው እኔ ቀደም ሲል የቆምኩበት መስኮት ላይ ቆሙ። አንቀጽ 14 ተነሥቶ ነበር። ሊቀ መንበሩ፦ “አንቀጽ 14ን የጻፈ ሰው አበልጅ አልነበረውም” ብለው አልፈውታል።

ፀሐፊዋ ሐሳብ እንድታቀርብ ተፈቅዶላታል። ቁጥር የተማርኩት በዚያው ሚዛን ላይ ነው። ስድስት ዓመቴ ነበር፤ ኖንግ ክሪስፑሎ የሩዝ ፍሬ በአንዱ በኩል እያስቀመጡ መስመሩን አንብቢ ይሉኝ ነበር፤ ስሳሳት ፍሬዋን እበላለሁ፤ ስለዚህ ብዙ ጊዜ ሆን ብዬ ተሳስቻለሁ። አሁን ግን አልሳሳትም። ባሩዱን የሚቀዱት እጆች ይቆዩ፤ መስመሩን የሚያነቡት ዓይኖች የእኔ ይሁኑ። ያልኩት ይህን ነው። ሌላ ንግግር አዘጋጅቼ ነበር፣ ጠፋብኝ።

የመጨረሻ ውሳኔ

ከአጭር ውይይት በኋላ የሚከተለው ተወስኗል፦

ሀ. በዚህ ስብሰባ የተላለፉት ውሳኔዎች በሙሉ ተሽረዋል። መለኪያው ነጻም ተጠርጣሪም አይደለም፤ መለኪያ ነው። በረዶው ጥፋተኛ አይደለም። የአቶ ቲክዮ መቀመጫ መደበኛ ሙቀት አይደለም። ለወ/ሮ ዶራይ ተግሣጽ አይሰጥም፤ ወረቀት ይተርፋል። ያልተነበበው ያለፈው ቃለ ጉባኤም አልጸደቀም።

ለ. ኖንግ ክሪስፑሎ አልተከበሩም፣ አልተነሡም። ከማክሰኞ በፊት የነበሩት ናቸው፤ የሚዛኑን መስመር ግን ፀሐፊዋ ታነባለች።

ሐ. እሑድ ክበቡ በሙሉ በኪስ ሙቀት፣ በቀላል ምድብ ይወዳደራል። የሚያፍር ካለ ቤቱ ይዋል።

መ. አሳማው ታዝዟልና አይሻርም።

ድጋፍ አምስት፣ ተቃውሞ የለም። ድምፅ በሚሰጥበት ጊዜ ከመስኮቱ በኩል “እቃወማለሁ! እኔ እቃወማለሁ!” የሚል ድምፅ ተሰምቷል። ከስብሰባው ውጭ ካለ ሰው የመጣ በመሆኑ አልተቆጠረም።

ስብሰባው ከምሽቱ 12፡05 ተጠናቋል። ፀሐይዋ ከካባው ጀርባ ገብታ ስለነበር መለኪያው ማንንም ማየት አይችልም ነበር። ኖንግ ክሪስፑሎ ገብተው ምን ተወሰነ ብለው ጠየቁ። “ምንም” አልናቸው። ወንበሮቹን አብረውን ካነሡ በኋላ እኔን ለብቻዬ ጠርተው፦ “ነገ ጠዋት አንድ ሰዓት። መነጽርሽን እንዳትረሺ፣ አንቺም ዓይንሽ ያው ነው” አሉኝ። ይህ በቃለ ጉባኤ እንዳይያዝ ብለው ነበር። ይዤዋለሁ።

ኔልያ ካባሁግ፣ ፀሐፊ